ከሸዋ ሮቢት የመጣች ታራንቱላ በደብረ ብርሃን ብርድ

ትልልቅ ጸጉራም ሸረሪት በሀይላንድ ከተው ቲክቶክ ላይ የሚያሳዩ ልጆች አልፎ አልፎ አያለሁ። ከስር የሚጻፈው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «በስመ አብ!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «የት ይገኛል? እኔም እፈልጋለሁ» ይላል። ይሄን የምጽፈው ለሁለተኛዎቹ ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤቴ ውስጥ አንዲት ታራንቱላ (ያው ትልቋ ጸጉራም ሸረሪት) አለች። እሜቴ እንላታለን። ፈልጌ ያመጣኋት አይደለችም። ከመጣች በኋላ ግን በጤና እንዴት እንደምትቆይ እያነበብኩም እያየሁም ብዙ ተምሬያለሁ።

አመጣጧ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ያለማል። የመስኖ ቦይ ሲያስቆፍር የእሜቴ ጉድጓድ ተናደ። ሠራተኞቹ በአካፋ ሊሏት ሲሉ አስጥሎ ሀይላንድ ውስጥ ከተታት። እኔ ጋ ሲመጣ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «አክስቴ፣ እንስሳ ትወጂ የለ?» አለኝ። በቃ፣ ወሬው ይሄው ነው።

መልኳ አያስተማምንም ነበር። አንድ እግሯ ከሥሩ የለም። ሆዷ ተጨማዷል። የቀሩት እግሮቿ ተሰብስበው ከስሯ ገብተዋል። ይሄን አቋም በደንብ እወቁት። ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ ስትዘረጋ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት ነው። የሎደር ክንድ በዘይት ግፊት እንደሚነሳው ማለት ነው። ውሃ ሲያጥራት ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሯም ይሰበሰባል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሞታለች ብሎ ይጥላታል።

ያደረግኩት ቀላል ነው። የስኒ ማስቀመጫ ላይ ንጹህ ውሃ አፈሰስኩ። ጠርሙሱን በመቀስ ቀደድኩና በካርቶን ቁራጭ ቀስ እያልኩ እየገፋሁ ፊቷን የውሃው ጠርዝ ላይ አሳረፍኩት። ሆዷ ደረቁ ላይ ቀረ። ታራንቱላ የምትተነፍሰው በሆዷ ስር ባሉ አራት ሳንባዎች ስለሆነ እነሱ ውሃ ውስጥ ከገቡ ልትታፈን ትችላለች። ከዚያ ጨርቅ ሸፍኜባት ሄድኩ። ማታ ሳያት የፊት እግሮቿ ተዘርግተዋል። ጠዋት ቦታ ቀይራ ነበር። የተቆረጠው እግሯ ደሙ ቆሟል። እየፈሰሰ ቢሆን ኖሮ ቁስሉ ላይ ትንሽ የበቆሎ ስታርች መነስነስ ይረዳል። እግሩ ራሱ ቆዳዋን ስትቀይር ይበቅላል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ማንበብ ስጀምር አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ብዙው ለኛ አይሆንም። አብዛኛው የሚጻፈው ስለ አሜሪካ አህጉር ታራንቱላዎች ነው፤ በተለይ ስለ ሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበትና ስለ ቺሊዋ። እነዚያ ሲነኩ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ጸጉር ይበትናሉ፤ ብዙዎቹም ረጋ ያሉ ናቸው። «ባቡን ስፓይደር» የሚባሉት የአፍሪካዎቹ ያ ጸጉር የላቸውም። ያላቸው ጥርስና ፍጥነት ነው። እሜቴ ሳጥኗ ሲነቃነቅ ወደ ኋላ ተደግፋ የፊት እግሮቿን ታነሳለች፣ ጥርሶቿን ትከፍታለች። ሰው «ተቆጣች» ይላል። ፈርታ ነው። ቶሎ ቶሎ እንዲህ ካደረገች ቦታው አልተስማማትም።

ስለዚህ እጅ ላይ ማውጣት የሚባለውን ነገር ከአሁኑ እርሱት። ሸረሪቷ ከሰው እጅ የምታገኘው ምንም ጥቅም የለም። አትለምድም፣ አትናፍቅም። ለፎቶ ብሎ የሚያወጣት ሰው ለራሱ ነው የሚያወጣት። ከእጅ ብትዘል ወይም ብትወድቅ ሆዷ ይፈነዳል፤ ሆዷ ስስ ነው፣ የሚጠብቀው አጥንትም ቅርፊትም የለውም። ከወገብ ከፍታ መውደቅ ሊገድላት ይችላል።

ሳጥኑንም በዚህ ዓይን ነው ማሰብ ያለባችሁ። ሰው ረጅም ሳጥን ያምረዋል። ለጉድጓድ ሸረሪት ከፍታ አደጋ ነው። ግድግዳውን ትወጣለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት ከእግሯ ዝርጋታ ከአንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የተረፈው ሁሉ አፈር ይሁን። እኔ ክዳን ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ገዝቼ ከሃያ ሳንቲ ሜትር ያላነሰ አፈር ሞላሁበት። የአየር ቀዳዳዎቹን በጋለ ምስማር ከውስጥ ወደ ውጭ በሳሁ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተበሳ ሹሉ ጠርዝ ወደሷ ይሆናል። ክዳኑ ጥብቅ ይበል።

አፈሩ ራሱ ታሪክ አለው። የእህቴ ልጅ «በማዳበሪያ ልላክልሽ?» አለኝ። ማዳበሪያ ይዞ የከረመ ከረጢት ሸረሪትን ሊጎዳ ይችላል። በንጹህ የዱቄት ከረጢት፣ መድኃኒት ከማይረጭበት ዳገት፣ ከግራር ስር እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። እሱም ሳቀብኝ፣ ግን አመጣው። አፈሩን አሮጌ ምጣድ ላይ አመስኩት፤ ምስጥና ጥቃቅን ነፍሳት እንዳይኖሩበት። ሲቀዘቅዝ በትንሽ ውሃ አርሼ ጠቀጠቅኩት፤ ያለዚያ ጉድጓዱ አይቆምም። ጥግ ላይ የእንስራ ገል ደፍቼ ከስሩ በጣቴ መነሻ ጉድጓድ ሠራሁላት። የጥድ ፍቅፋቂና የባሕር ዛፍ ቅጠል አላስገባሁም። ለኛ ደስ የሚለው ሽታ ያለው እንጨት ለሸረሪት ጥሩ አይደለም።

ስትገባበት ገሉ ስር ተወሸቀች። ከዚያ በየሌሊቱ አፈር እየጠረገች ወደ አፉ ታወጣ ጀመር። አፈሩን በድር ጠቅልላ በአፏ ዙሪያ ባሉት አጫጭር እግሮች ታቅፋ ነው የምታወጣው። ቀይ መብራት አድርጌ ጥቂት ጊዜ አይቻታለሁ። ጉድጓዱ የሳጥኑን ግድግዳ ይዞ ስለወረደ ከውጭ ጥቁር ወረቀት ለጠፍኩበት፤ ማየት ስፈልግ ገለጥ አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ አትታይም። «ታዲያ የማትታይ ነገር ምን ያደርግልሻል?» የሚሉኝ አሉ። ቤቷ የተስማማት ሸረሪት የማትታይ ናት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ የምትንጠላጠል ከሆነ ወይ አፈሩ ረጥቧል፣ ወይ መደበቂያ አጥታለች፣ ወይ የሆነ ነገር እየረበሻት ነው። ዓይኗ ብዙም አያይም፤ ዓለምን የምታውቀው በንዝረት ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከስፒከርና ከበር አጠገብ አርቁት።

አሁን ወደ ብርዱ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። ከቆላው ተነስቶ ጣርማ በርን የወጣ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ዋሻው ጋ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሸረሪት የራሷን ሙቀት አታመነጭም። ቤቱ ሲቀዘቅዝ አብራ ትቀዘቅዛለች፤ ስትቀዘቅዝ አትንቀሳቀስም፣ የበላችውም ቶሎ አይፈጭም። ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውስጥ ብትኖር ይስማማታል። ሌሊት ትንሽ መውረዱ አይጎዳም፤ ቆላም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። የሚጎዳው ብርዱ ቀናት ሲቆይ ነው።

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ከሥር ማሞቅ ነው። እንዳታደርጉት። ታራንቱላ ሲሞቃት ወደ ታች ነው የምትቆፍረው፤ በተፈጥሮ ቅዝቃዜው ያለው እዚያ ነው። ማሞቂያው ከሥር ከሆነ ከሙቀት ስትሸሽ ጭራሽ እሳቱ ላይ ትገባለች። ከላይ አምፖል ማብራትም አፈሩንም እሷንም ያደርቃል። ሙቀቱ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ፤ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። መምረጥ የሷ ነው።

እዚህ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? እኔ ሳጥኑን ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በአሮጌ የመንዝ ባና ሸፍኜዋለሁ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ከተማ ስለሆነች የሚለበስ አይጠፋም። ብርድ ባለበት ሌሊት ሀይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም፣ ጠርሙሱ ይኮማተራል) ሞልቼ ካልሲ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ከካርቶኑ አንድ ጎን አቆመዋለሁ። ሳጥኑን አይነካም፤ መሀል ላይ አራት ጣት ያህል ክፍተት አለ። ከላይ ለአየር የሚሆን ቦታ ክፍት እተዋለሁ። ካርቶኑ ያለው ቁም ሳጥን ላይ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ ከሲሚንቶው ወለል በብዙ ይሻላል። ለጫጩት መፈልፈያ የሚሸጠውን ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ሽቦውን ወደ ውስጥ አስገብቼበታለሁ። በግምት አትሂዱ፤ ለእጃችሁ ሞቅ ያለ የመሰለው ለሷ ብዙ ሊሆን ይችላል።

«ቀን ፀሐይ ላይ ላውጣት» የሚልም አለ። በፍጹም። የደጋ ፀሐይ ብርዱ ስላለ ቀላል ይመስላል እንጂ የተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥንን በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ያደርገዋል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅም አይታሰብ፤ የከሰል ጭስ ሰውም ይገድላል። የቡና እጣን ሲጨስ እኔ ሳጥኑን ወደ ጓዳ አስገባለሁ።

ከጭሱ ሁሉ የሚብሰው ግን ፍሊት ነው። ለበረሮና ለትንኝ የሚነፋው ሁሉ ሸረሪትንም ይገድላል። በቀጥታ ሳይነካት፣ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ፣ መጋረጃው ላይ አርፎ፣ እጃችሁ ላይ ቀርቶ ይደርሳታል። ለውሻ ወይም ለድመት ቁንጫ መድኃኒት የነካ እጅም ያው ነው። አከራዬ በዓመት አንዴ ቤቱን ለቁንጫ ያስነፋሉ። ቀድመው እንዲነግሩኝ ተስማምተናል፤ እኔም ያን ሰሞን እሜቴን ጓደኛዬ ቤት አሳድራታለሁ። ጓደኛዬ በዚህ ደስተኛ ናት ማለቴ አይደለም።

የምግቡም ችግር ይሄው መርዝ ነው። ከሽንኩርት ወይም ከቲማቲም ማሳ የተያዘ ፌንጣ መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ በመጣ ጊዜ የተረጨው ትዝ ይላችኋል፤ እንዲህ ያለ ሰሞን የተያዘ አንበጣ በጭራሽ አይሰጥም። ከቤት የተያዘ በረሮም አይታመንም፤ የጎረቤት ፍሊት ቀምሶ መጥቶ ይሆናል። እኔ ፌንጣ የምይዘው ማንም ከማይረጭበት የግጦሽ መስክ ነው። ይዤም ወዲያው አልሰጣትም፤ ንጹህ ሣር እየሰጠሁ ጥቂት ቀን በማሰሮ አቆየዋለሁ። ደህና ሆኖ ከቆየ ይገባላታል። መጠኑ ከሷ ሆድ አይብለጥ። ያልተበላውን በማግስቱ አውጡት።

ለትልቅ ሸረሪት በአሥር ቀን ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ በቂ ነው። እኛ አገር እንግዳ «ብሉ፣ ብሉ» ካልተባለ ይከፋናል፤ ታራንቱላ ላይ ይሄን ፍቅር ተዉት። ወራት ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች። ሆዷ ከመጠን በላይ ከተነፋ ስትወድቅ የመፈንዳት ዕድሉ ይጨምራል። ሥጋ አትስጧት፣ ይሸታል፣ ይሻግታል። ውሃ ግን ሁልጊዜ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ፣ ንጹህ ሆኖ ይኑር። ስፖንጅ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ስፖንጅ ባክቴሪያ ያራባል እንጂ አይጠቅማትም። የቆላ ሸረሪት ስለሆነች አፈሩ በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ አንዱን ጥግ ብቻ አልፎ አልፎ አርሰዋለሁ።

ለገና አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ አከራዬ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድሽ ሞተልሽ። ተንጋላለች።»

ወረቀቱን ገልጠው ማየታቸው ነው። የማይወዷት ሴትዮ!

«እትዬ፣ በእግዜር እንዳይነኳት። ወረቀቱን ይመልሱልኝና ይተዋት።»

«እኔ ልነካት? ምን በወጣኝ!»

አልሞተችም። ታራንቱላ ቆዳዋን የምትቀይረው ብዙ ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። ሞት ሲመጣ በሆዷ እንደቆመች እግሮቿ ከስር ይታጠፋሉ እንጂ እንዲህ አትንጋለልም። ልዩነቱን ሳያውቁ «ልቀስቅሳት» ብለው የነኩ፣ የገለበጡ፣ ውሃ የረጩ ብዙ ሸረሪት ገድለዋል። በዚያ ሰዓት የምትሠሩት ሥራ የለም። ሰዓታት ይፈጃል። ምልክቱም ቀድሞ ይመጣል፤ እሜቴ ከዚያ በፊት ሳምንታት ምግብ እምቢ ብላ የጉድጓዱን አፍ በድር ዘግታ ነበር። አፉ ሲዘጋ አትክፈቱ። ፌንጣም አታስገቡ፤ ለስላሳ በሆነችበት ሰዓት ተራ ፌንጣ ሊበላት ይችላል።

ስመለስ አሮጌው ቆዳ ከጉድጓዱ አፍ ተገፍቶ ወጥቷል። በቶሎ የወሰድኩት እንዳይደርቅ ነው። ሳሙና ጠብ ያለበት ውሃ ላይ አስቀምጬ በጥርስ መፋቂያ ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። የሆዱ ቆዳ ከውስጥ ሲታይ ሳንባዎቹ የነበሩበት አራት ነጣ ያሉ ቦታዎች አሉ። ከላይኞቹ ሁለቱ መሀል ትንሽ ኪስ መሰል ነገር ካለ ሴት ናት። ነበረ። በፊትም «እሜቴ» ያልናት በግምት ነው፣ ግምቱ ልክ ወጣ። ራሷን ሳያት ጥርሶቿ ነጭ ነበሩ፤ ቀናት እየቆዩ ቀሉ፣ ከዚያ ጠቆሩ። ሳይጠቁሩ ምግብ አይሰጥም፣ ይጎዳሉ። በጠፋው እግር ቦታ ደግሞ ቀጭን፣ አጠር ያለ፣ ገረጣ ያለ እግር ወጥቷል። በሚቀጥሉት ቅያሪዎች እየተስተካከለ ይሄዳል።

ሴት መሆኗ ለኔም ወሳኝ ነው። ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ከዓመት እምብዛም አይዘልም። ሴቷ ግን አሥርና ሃያ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ልጅ ሆናችሁ የያዛችኋት ሸረሪት ሠርጋችሁን አይታ ልጆቻችሁንም ታያለች። አውስትራሊያ ውስጥ ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉ ተመራማሪ ከ1974 ጀምሮ (በፈረንጆች) የተከታተሏት «ቁጥር 16» የምትባል የታራንቱላ ዘመድ ነበረች። በ2016 ሞታ ስትገኝ ዕድሜዋ 43 ነበር። የኖረችው እዚያው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

«ለምን አትመልሻትም?» ለሚሉኝ መልሴ እዚህ ጋ ነው። ሴቷ ገና ትንሽ ሳለች የጀመረችውን ጉድጓድ እያሰፋች ዕድሜዋን ትገፋለች። የእሜቴ ጉድጓድ ዛሬ ቦይ ነው። አንድ እግሯ ገና አጭር ሆኖ፣ ትራክተር በሚያርሰው ማሳ ላይ ሜዳ ላይ ብጥላት መመለስ አይባልም። እናንተ ግን ጤነኛ ሸረሪት ዛሬ ቤታችሁ ወይም ማሳችሁ ላይ ብታገኙ በኩባያ ይዛችሁ ማታ እዚያው አካባቢ፣ ጉድጓዷ ካለ አፉ ላይ፣ ልቀቋት። ከጉድጓዷ ቆፍሮ ማውጣት ግን ግፍ ነው። ለውጭ ሰው በዶላር ለመሸጥ የሚያስብ ካለም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ከአገር ማውጣት ሕገ ወጥ ነው። ኢትዮጵያ በዱር እንስሳት ንግድ ላይ የተደረገው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። ከውጭ ማስመጣትም እንዲሁ ነው፤ ያቺ የሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበት ራሷ በዚህ ስምምነት የተመዘገበች ናት።

ስለ ንክሻ ደግሞ በአጭሩ። የታራንቱላ መርዝ ሰው እንደገደለ የተረጋገጠ ነገር የለም። የአፍሪካዎቹ ንክሻ ግን ኃይለኛ ሕመምና እብጠት አለው፤ ጡንቻ የሚያሸማቅቅም ይኖራል። በሳሙና ታጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በክር ማሰር የለም። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ብታመልጥ አትሩጡባት። በሩን ዝጉ፣ ሰፊ ኩባያ ድፉባት፣ ከስር ቀጭን ካርቶን አንሸራቱ። ኩባያውና ካርቶኑ ሁልጊዜ ከሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡ፤ ለመፈለግ ጊዜ የላችሁም። የኔ ኩባያ ላይ በማርከር «ሻይ አይጠጣበትም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት አከራዬ ናቸው።